የልጄ ሂሳብ ከ41 ወደ 63 እስኪደርስ የከፈልኩበት ሁሉ፤ ምኑ ሠራ፣ ምኑ ብር በላ

ኅዳር ላይ ነው። የልጄን ምሳ ዕቃ ላወጣ ቦርሳውን ስከፍት ከታች አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የሂሳብ ሚድ። ከ30 ዘጠኝ። ቀዩ እስክሪብቶ ከልጁ ጽሑፍ ይበዛል። 9ኛ ክፍልን በ52 ጨርሶ ነበር፤ ያኔ "አለፈ አይደል እንዴ" ብዬ ዝም ያልኩት እኔው ነኝ፣ ስለዚህ ብዙ መጮህ አልቻልኩም። ትንሽ ግን ጮኼያለሁ።

ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ ለሂሳብ ብቻ ያወጣሁት 16,500 ብር ሆነ። ሰፈር ውስጥ ካለ ማስጠኛ ማዕከል ጀመርን፣ በስልክ አፕ ሞከርን፣ አንድ አስጠኚ ቀጥረን አሰናበትን፣ ሌላ ቀጠርን፣ በነፃ ደግሞ ካን አካዳሚ የሚባለውን የኢንተርኔት ማስተማሪያ ጨመርንበት። የአንደኛው ሰሚስተር ካርድ ላይ ሂሳብ 41 ነበር፤ ሁለተኛው ላይ 63። 63 ምኑ ያስፎክራል የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተ 41 የሚያመጣ ልጅ የላችሁም። "ጥሩ አስጠኚ ጠቁሙኝ" የሚል ወላጅ በየቀኑ ስለማይ ነው የምጽፈው። የቤቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም፤ ከማንም ጋር መጣላት አልፈልግም።

መጀመሪያ የሄድነው ሁሉም ወደሚሄድበት ነው። ታክሲ መውረጃው ጋ ያለ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ትልቅ ባነር የተሰቀለበት። ባነሩ ላይ 12ኛ ክፍል ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች ፎቶ ተደርድሯል። ምዝገባ 300፣ በወር 1,600፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ለምን እንደሚሞሉ ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወጣውን ቁጥር ያልሰማ ወላጅ የለም። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ተሻሻለ የተባለው እንኳ ከመቶ ልጅ ዘጠና አንዱን ከግማሽ በታች ያስቀረ ነው። ማዕከሎቹ ሂሳብ ከመሸጣቸው በፊት ይህን ፍርሃት ነው የሚሸጡልን። በዚያ ላይ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2011 በኋላ ቀርቷል፤ ስለዚህ ከ8ኛ ክፍል ፈተና ወዲህ እስከ 12ኛ ድረስ ልጃችሁ የት ጋ እንዳለ ከትምህርት ቤቱ ውጪ የሚነግራችሁ የለም። ያለው ካርዱ ብቻ ነው። የልጄ ካርድ ላይ ደግሞ ደብተር በማሟላትና የቤት ሥራ በማስረከብ የሚያዝ ማርክ አለ፤ ለካ 9ኛን በ52 ያሻገረው እሱ ነው።

ክፍሉ ውስጥ 28 ልጅ ቆጥሬያለሁ። መምህሩ ጎበዝ ነው፤ እውነቱን ለመናገር በር ላይ ቆሜ ሳዳምጥ እኔም የገባኝ ነገር አለ። ጥያቄ ይጽፋል፣ ይፈታል፣ "ገባችሁ?" ይላል፣ "አዎ ቲቸር" ይባላል፣ ወደ ቀጣዩ። ልጄ እያንዳንዱን መስመር ይገለብጣል። ደብተሩን ብታዩት ያምራል፤ በሁለት ቀለም የተጻፈ፣ በማስመሪያ የተሰመረ። አንድ ወር ሙሉ በዚያ ደብተር ተሸወድኩ።

አንድ ማታ መልሱን በእጄ ሸፍኜ ጥያቄውን ብቻ አሳየሁትና "እስቲ ይህን አሁን ሥራው" አልኩት። ከትናንት ወዲያ የሠሩት ነው። አየኝ። ደብተሩን አየ። "ማሚ፣ እንዴት እንደሚጀመር ብቻ ንገሪኝ" አለ። እንዴት እንደሚጀመር ባውቅ ኖሮ ምን ቆርጦኝ 1,600 እከፍላለሁ?

ለማዕከሉም እውነቱን ልንገርለት። የጎረቤቴ ልጅ 12ኛ ናት፣ እዚያው ነው የምትማረው፣ ተጠቅማበታለች። እሷ መሠረቱ አላት፤ የጎደላት ጥያቄ በብዛት መሥራትና ከሰዓት ጋር መልመድ ነው። ለእንደሷ ዓይነት ልጅ ጥሩ ቦታ ነው። የኔው ግን ሌላው አራተኛ ማርሽ ሲያስገባ ገና ቁልፉን ይፈልጋል። ሲመዘገብ ደግሞ ማንም "ልጁ ምን ይችላል?" ብሎ አልጠየቀኝም። የጠየቁኝ የስንተኛ ክፍል እንደሆነና በባንክ ነው ወይስ በቴሌብር የምከፍለው የሚለውን ነው። ሦስት ወር፣ 5,100 ብር፣ ካርዱ 41።

በመሐል የአፕ ነገር መጣ። ጥያቄውን በስልክ ፎቶ ታነሱታላችሁ፣ ደረጃ በደረጃ ፈትቶ ይሰጣችኋል። ልጄ ከክፍል ጓደኛው ሰምቶ ጫነው። ለሁለት ሳምንት የቤት ሥራው ከአሥር አሥር ሆነ፣ እኔም ለአባቱ ደውዬ አወራሁ። ከዚያ ኪዊዝ መጣ። ከአሥር ሦስት። ልጁን ያዝ አድርጌ ስጠይቀው ጥፋቱ እንኳ አልገባውም፤ "እኔ እኮ ደረጃዎቹን አንብቤ ነው የጻፍኩት" አለኝ። አንብቧል፣ አልዋሸም። የሰው ሩጫ እያየ እግሩ የሚጠነክር መስሎታል፣ ሌላ ምንም አይደለም። አፑን አላጠፋነውም፤ ራሱ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ መልሱን እንዲያመሳክርበት ብቻ ተፈቀደለት። በዚያ መንገድ ይጠቅማል።

የመጀመሪያውን አስጠኚ ቶሎ ልለፈው። በሰው በሰው አገኘሁት፣ በቀን 300 ብር፣ ሦስት ቀን መጣ። የቤት ሥራውን እሱ ይሠራለታል፣ ልጄ ያያል፣ ስልኩ ይጠራል፣ ሰዓቱ ያልቃል። አፑ ያንኑ በነፃ ይሠራው የለም? 900 ብር ከፍዬ ሸኘሁት።

ሁለተኛው ነው ታሪኩን የቀየረው። የእህቴ ልጅ ነች ያገናኘችን። አምስት ኪሎ ምህንድስና የሚማር፣ አራተኛ ዓመት። ለአንድ ሰዓት ተኩል 350 ብር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። በስልክ "የ10ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ላዘጋጅልህ?" ብለው "አያስፈልግም፣ ባዶ ወረቀት ብቻ ይኑር" አለኝ። ይሄኛውም አይረባም አልኩ በሆዴ።

መጥቶ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ 20 ጥያቄ በእጁ ጻፈ። አንዱም የ10ኛ ክፍል አይደለም። ክፍልፋይ መደመር፣ ከኔጌቲቭ ቁጥር መቀነስ፣ ቅንፍ መፍታት፣ ፐርሰንት፣ ኤክስን ፈልግ። ልጄ የተናቀ መስሎት ፊቱ ጠቆረ። "ይሄ እኮ የ6ኛ ክፍል ነው" አለ። "እሺ፣ ቶሎ ትጨርሰዋለሃ" አለው።

ከ20ው 11 አገኘ።

ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳሎን የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ልጄ ግማሽ ሲደመር ሲሶን ሁለት አምስተኛ ብሎ ጽፏል። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ። አስጠኚው ስህተት ነው አላለውም። "ግማሽ ዳቦ ይዘሃል እንበል" አለው። "እኔ ሲሶ ጨመርኩልህ። ስንት ሆነልህ?" "ሁለት አምስተኛ።" "ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" ዝም። ቢላውን አስቀምጬ ጠበቅኩ። "ያንሳል..." አለ ልጄ፤ ከዚያ "እንዴ! ጨምረህልኝ ነው የቀነሰብኝ?" ብሎ ሳቀ። ስንት ዓመት እንደዚያ ሲደምር እንደኖረ እግዜር ይወቀው፤ አንዳንዴ በግምት፣ አንዳንዴ በካልኩሌተር እያለፈ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ሲሶና እርቦ ላይ ግን ማንም አይሸውዳትም። የልጅ ልጇ ሎጋሪዝም ይማራል፣ ሲሶ አያውቅም።

ሌላኛው ይህ ነው፦ 3 − 2(ኤክስ − 4) = 5። ልጄ ቅንፉን ሲፈታ 3 − 2ኤክስ − 8 = 5 ብሎ ጻፈ፤ ኤክስ −5 ሆነለት። ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ፕላስ እንደሚሆን በቃሉ ይነግራችኋል፣ ቅንፍ ውስጥ ሲያገኘው ግን አያየውም። አሁንም አስጠኚው አላረመውም። "መልስህን ወደ ጥያቄው መልሰህ አስገባው" አለው። አስገባ፣ 21 መጣ። "አምስት መምጣት አልነበረበትም?" ልጁ ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ መስመር በመስመር ሲፈልግ ማይነስ ስምንቱ ላይ ደረሰና "ፕላስ ነው" አለ። ኤክስ 3 ሆነ። ያን ቀን አንድ ሰዓት ተኩሉ ያለቀው በዚህ ብቻ ነው። ቆጥቤ የምኖር ሴት ነኝና 350 ብር ለአንዲት ማይነስ ትንሽ አንገበገበኝ።

በኋላ ግን አሰብኩት። የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ከሪሌሽንና ፋንክሽን ይነሳል፣ ፖሊኖሚያል፣ ኤክስፖነንሻልና ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ እያለ ይሄዳል። ሁሉም ውስጥ ያቺ ማይነስ አለች። ያ ክፍልፋይ አለ። መምህሩ ሎጋሪዝም ሲያስረዳ ልጄ ሎጋሪዝሙ ሳይከብደው ይወድቃል፤ የሚጥለው ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው የ6ኛ ክፍል ነገር ነው። እኛ ደግሞ "ሂሳብ አይገባውም"፣ "ትኩረት የለውም"፣ "ስልኩን ቀሙት" እንላለን። ስልኩንም ቀምቼው ነበር፤ ማይነሱ አልተስተካከለም።

አስጠኚው አንድ ሌላ ነገር አስጀመረው፤ የስህተት ደብተር። ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ናት። የተሳሳተውን ጥያቄ በግራ ገጽ ይጽፋል፣ ለምን እንደተሳሳተ በአማርኛ አንድ መስመር። "ቅንፉ ፊት ያለችውን ማይነስ ረሳሁ።" "ጥያቄውን ሳልጨርስ ጀመርኩ።" ቀኙ ገጽ ባዶ ይቀራል። ከሦስት ቀን በኋላ ግራውን ሸፍኖ ቀኝ ላይ እንደገና ይሠራዋል፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ። ካልመጣለት እንደገና። እንደ ማዕከሉ ደብተር አታምርም፤ ስርዝ ድልዝ ናት። ግን መጋቢት መጨረሻ ላይ አገላብጬ ሳያት ስህተቶቹ አርባ ምናምን ዓይነት አይደሉም። አምስት ወይም ስድስት ናቸው፣ ልብስ እየቀየሩ የሚመጡ።

የቋንቋው ነገር ደግሞ አለ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሃይስኩል ሲገባ ሂሳቡ በእንግሊዝኛ ነው። ልጄ "ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ" የሚለውን 5 − ኤክስ ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ቃሎቹ በመጡበት ቅደም ተከተል። አስጠኚው "በአማርኛ በለው" አለው። "ከኤክስ አምስት ሲቀነስ።" "አሁን የሰማኸውን ጻፍ።" ኤክስ − 5። በአማርኛ ሲለው ኤክስ ራሱ ቀድሞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የቃላት ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ በአማርኛ ጮክ ብሎ ይለዋል። "አት ሊስት"ን "ቢያንስ"፣ "አት ሞስት"ን "ቢበዛ" እያለ። የቃላት ጥያቄን ፈርቶ ባዶ ይተው የነበረ ልጅ አሁን ቢያንስ ኢኩዌሽኑን ያወጣል።

ነቀፌታም አለኝ። አንደኛ፣ መጋቢት ላይ ልጄ የክፍል ቴስት ከ20 ስድስት አመጣ። ወር ሙሉ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ሲሠራ ትምህርት ቤቱ እሱን ቆሞ አልጠበቀውማ። ላባርረው ስልኬን አንስቼ ነበር። አባቱ ነው "አንድ ወር ጨምሪለት" ያለው፤ ልክ ነበር፣ ግን አስጠኚው ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ስነግረው "ይቅርታ እማማ፣ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነው" አለኝ። (እማማ! 43 ዓመቴ ነው።) ከዚያ በኋላ ከሁለቱ ቀን አንዱን ለክፍል ትምህርት ሰጠው። ሁለተኛ፣ የራሱ ፈተና ሲደርስ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ሦስተኛ፣ አልጀብራ ላይ ያለው ትዕግሥት ጂኦሜትሪ ላይ የለውም፤ ሰርክል የሚለው ምዕራፍ ላይ ቲዎረሞቹን እንዲሸመድድ ነው ያደረገው፣ ውጤቱም እዚያ ላይ ደካማ ነው። ግንቦት ላይ ወደ ሳምንት አንድ ቀን ቀነስነው። እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ በድምሩ 10,500 ብር ከፍያለሁ።

አሁን ስለ ነፃው። ካን አካዳሚን የጠቆመን አስጠኚው ነው፣ እሱ በማይመጣበት ቀን እንዲሠራበት። ሳልማን ካን የሚባል አሜሪካዊ በእነሱ አቆጣጠር በ2004 ለዘመዱ ልጅ በርቀት ሂሳብ ሲያስጠና የጀመረው ነገር ነው፤ ቪዲዮውም መልመጃውም አይከፈልበትም። ብዙ ሰው ቪዲዮውን ብቻ ያያል። ቪዲዮው ጥሩ ነው፣ ግን ማየት ብቻውን ከማዕከሉ ግልበጣ አይለይም። ጥቅሙ መልመጃው ላይ ነው። ስትሳሳቱ ወዲያው ይነግራችኋል፤ ፍንጭ ከጠየቃችሁ ፍንጩን ይሰጥና ጥያቄውን እንዳልመለሳችሁት ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ ማጭበርበር አይመችም። ልጄ "7ኛ ክፍል ሂሳብ" የሚለውን ኮርስ መጨረሻ ላይ ያለውን 30 ጥያቄ ቻሌንጅ ቀድሞ ሠራ፤ የወደቀባቸውን ርዕሶች ብቻ ተመልሶ ተለማመደ። ከ7ኛ መጀመሩን ለጓደኞቹ አልነገረም፣ እኔም አልነገርኩበትም። (አሁን ለእናንተ ተናገርኩ።)

ማወቅ ያለባችሁ፣ የተሠራው በአሜሪካ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ የምዕራፉ ቅደም ተከተል ከእኛ መጽሐፍ ጋር አይገጥምም፣ ጥያቄው በዶላርና በኢንች ይመጣል። እንግሊዝኛው ለከበደው ልጅ ከቪዲዮው ሥር ጽሑፉን ማብራት ይረዳል። እኛ ዋይፋይ የለንም፣ በፓኬጅ ነው የምንጠቀመው፤ መልመጃው ዳታ ብዙ አይበላም፣ ቪዲዮ ነው የሚበላው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴሩ መጽሐፍ አለ፤ በየምዕራፉ መጨረሻ ያለውን የክለሳ መልመጃ ማንም ሳይነካው ነው ዓመቱ የሚያልፈው። እዚያ ካሉት ጥያቄዎች ቁጥር ብቻ ተቀይሮ ፋይናል ላይ የመጣ አለ ብሎኛል ልጄ።

አስጠኚ ለመቅጠር የምታስቡ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት "የመጀመሪያ ቀን ምን ታደርጋለህ?" በሉት። "ምዕራፍ ሦስት ላይ ናቸው አይደል፣ ከዚያ እንቀጥላለን" ካለ ተዉት። ቁጭ ብላችሁ ደግሞ እስክሪብቶው በማን እጅ እንደሚቆይ እዩ። የመጀመሪያው አስጠኚ ሲመጣ እስክሪብቶው ሦስቱንም ቀን በእሱ እጅ ነበር። ሁለተኛው እስክሪብቶ ይዞ እንኳ አይመጣም፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ጥያቄዎች የጻፈው በልጄ ነው።

ገንዘቡ የሌለው ሰው ምን ያድርግ ለሚለኝ፣ እኔ ብሆን ማዕከሉንም አስጠኚውንም ትቼ በካን አካዳሚውና በስህተት ደብተሯ እጀምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ማወቅ አይጠበቅባችሁም። "ይህቺን መስመር ለምን እንዲህ አደረግካት?" ብቻ በሉት። እኔ ሎጋሪዝም እስካሁን አልገባኝም፣ ግን ሊያስረዳኝ ሲሞክር ግማሽ መንገድ ላይ "ቆይ ቆይ ማሚ፣ ተሳስቻለሁ" ብሎ ይመለሳል።

ለሁለተኛው አስጠኚ ከአሥር ስምንት፤ ሁለቱን ለጂኦሜትሪውና ለእማማ ቀንሻለሁ። ለማዕከሉ አራት። ለአፑ ሦስት፣ ከሥራ በኋላ ለማመሳከር ከሆነ ስድስት። ካን አካዳሚ ዘጠኝ። ልጁ 11ኛ ላይ ናቹራል እገባለሁ ይላል። ኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ፣ ክፍል ውስጥ ተሯሩጦ ነው ያለፈው፤ ክረምቱን በዚያ ይዘነዋል። ትናንት ማታ ዝናቡ ሲወርድ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ የስህተት ደብተሯን ይዞ ቁጭ ብሎ ነበር። ስጠጋ ግራ ገጹ ላይ "አሁንም ማይነስ" ብሎ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።